ከጭንቅ በፊት ስንቅ፦ ልጅ ለሚጠባበቁ ወላጆች የሰበካችን ድርሻ



በአገራችን ነፍሰ ጡር ሴት ስትታይ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ትባላለች። በሰላም ስትገላገል ደግሞ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው የደስታ ቃል ቤቱን ይሞላዋል። በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ግን ብዙ ወራት አሉ። በእነዚያ ወራት ባልና ሚስት ምን ያስባሉ? ምን ያስጨንቃቸዋል? ጭንቀታቸውን ለማን ይነግራሉ? ለምጡ ቀንስ ምን ያዘጋጃሉ? በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ ወደ አበርገሌ ቆላ ይወርዳል።

ትምህርቱ በሰበካ ጉባኤ ስብሰባ፣ በሰንበቴ ወይም በጽዋ ማኅበር በሁለትና በሦስት ጊዜ ተከፍሎ እንዲነበብ የተዘጋጀ ነው። መነሻ ሐሳቡ አንድ ነው፦ ጭንቀት በጊዜው ከተነገረ ስንቅ ይሆናል፤ ተደብቆ ከቆየ ግን በምጡ ሌሊት ጭንቅ ሆኖ ይመጣል። ይህን ለውጥ ለማምጣት ደግሞ በየቤቱ ገብቶ የሚጠይቅና የሚታመን ሰው ያስፈልጋል። በገጠር እንዲህ ያለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የነፍስ አባት ነው።

፩. ሁለት ዝምታዎች በአንድ ጣሪያ ሥር

አበርገሌ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ወደ ተከዜ የሚወርድ ቆላማ አገር ነው። ስሙን ከወሰደው የፍየል ዝርያ ጋር በሩቅ ይታወቃል። ሕዝቡ በማሽላ፣ በጤፍ፣ በፍየልና በንብ ይኖራል። መንደሮቹ የተራራቁ ናቸው፤ ዝናቡ አጭር ነው፤ ክረምት ሲገባ ወንዙ መንገዱን ይቆርጣል። እንዲህ ባለ አገር ልጅ መጠበቅ ደስታ ብቻ ሳይሆን የሐሳብ ሸክምም ነው።

ሸክሙን ሁለቱም ይሸከሙታል፤ ነገር ግን ለየብቻቸው። ሚስት በልቧ፦ «ልጁ ዛሬ ብዙ አልተንቀሳቀሰም፤ ደህና ይሆን? ያለፈው ፅንሴ እንደ ጠፋብኝ ይህም ይጠፋብኝ ይሆን? ምጥ ቢበረታብኝ ማን ይደርስልኛል? እኔ ብተኛ ልጆቹን ማን ያበላቸዋል?» ትላለች። ባል ደግሞ በበኩሉ፦ «ወደ ከተማ መሄድ ቢመጣ ገንዘቡ ከየት ይገኛል? ውኃውን ማን ይቀዳል? ፍየሎቹን ማን ይጠብቃል? ነገሩ በሌሊት ቢሆንስ?» ይላል። እርሷ ፈሪ እንዳትባል፣ ባሏንም እንዳታስጨንቅ ዝም ትላለች። እርሱም የማኅፀን ነገር የሴቶች ነው ብሎ ስላደገ፣ ድህነቱንም አፍ አውጥቶ መናገር ስለሚከብደው ዝም ይላል።

በዚህ ላይ የልማድ ዝምታ ይጨመራል። ብዙ ሴቶች ሆዳቸው እስኪገፋ ድረስ እርግዝናቸውን አይገልጡም፤ የሰው ዓይን ይፈራል፤ ፅንሱ ቢወርድ መሳለቂያ መሆን ይፈራል፤ በተለይ የመጀመሪያ እርግዝና ሲሆን ኀፍረቱ ይበረታል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ምርመራ ይዘገያል። የጤና ባለሙያዎች የመጀመሪያው ምርመራ ሦስተኛው ወር ሳያልፍ እንዲደረግ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ በእርግዝናው ዘመን ሁሉ ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከባለሙያ ጋር መገናኘት እንዲኖር ይመክራሉ። በአምስተኛው ወር የተገለጠ እርግዝና ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን አጥቷል ማለት ነው።

፪. የካህኑ ዘካርያስ ቤት

የቅዱስ ሉቃስ ወንጌል የመጀመሪያው ምዕራፍ ልጅ የሚጠባበቅ የካህን ቤት ታሪክ ነው። ዘካርያስ በቤተ መቅደስ በማጠን ላይ ሳለ የልጅ ብሥራት ተነገረው፤ ስላላመነም አንደበቱ ተዘጋ። ኤልሳቤጥም ከፀነሰች በኋላ አምስት ወር ራሷን ሰወረች። እንግዲህ በዚያ ቤት መናገር የማይችል ባልና የተሰወረች ሚስት ነበሩ ማለት ነው። ይህ ለእኛ መንደር እንግዳ ሥዕል አይደለም።

በስድስተኛው ወር ግን እመቤታችን ወደ ተራራማው አገር ፈጥና ወጣች፤ ገብታም ሰላምታ ሰጠች። በዚያን ጊዜ ኤልሳቤጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች። እመቤታችን ሦስት ወር ያህል በዚያ ተቀመጠች። እኛ ከዚህ የምንማረው አንዱ ነገር ይህ ነው፦ መሰወሩ ያበቃው በጉብኝት ነው። ጎብኚዋ ኤልሳቤጥ እስክትመጣላት አልጠበቀችም፤ ራሷ መንገድ ጀመረች፤ ከሰላምታም በኋላ ወዲያው አልተመለሰችም። ነፍሰ ጡርን መጎብኘት እንግዲህ ለካህናትና ለማኅበረ ምእመናን አዲስ የተጨመረ የልማት ሥራ ሳይሆን ከወንጌል የተቀበልነው አገልግሎት ነው።

የቤተልሔሙም ታሪክ ለአባቶች የሚናገረው አለ። ጻድቁ ዮሴፍ ወሯ ከገባ እመቤታችን ጋር ረጅም መንገድ ተጓዘ፤ በእንግዶችም ማደሪያ ስፍራ አልነበራቸውም። የቦታ ማጣትን ጭንቀት ያየ ሰው ነውና፣ ስለ ማደሪያና ስለ መንገድ አስቀድሞ ማሰብ የባል ድርሻ መሆኑን ስናስተምር የዮሴፍን ስም መጥራት ተገቢ ነው።

፫. የነፍስ አባት ምን ብለው ይጠይቁ?

ብዙ ጊዜ ካህን ቤት ሲገባ «እንደምን ሰነበታችሁ?» ይላል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል መልስ ያገኛል፤ ጉዳዩ በዚያው ያበቃል። ከዚህ አለፍ ያሉ አራት ጥያቄዎችን እናቀርባለን። ባልና ሚስት አብረው ባሉበት ቢጠየቁ ይመረጣል።

«ልጆቼ፣ ወሯ መቼ ይገባል? ቆጥራችሁታል?»
«ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስባችሁ ምንድን ነው? አንተስ ልጄ፣ አንተን የሚያስጨንቅህ ምንድን ነው?»
«ምጡ በሌሊት ቢመጣ ማንን ትጠራላችሁ? በየት በኩል ትሄዳላችሁ?»
«እርሷ ከቤት ስትርቅ ልጆቹንና ከብቱን የሚጠብቅ ማን ነው?»

ሁለተኛው ጥያቄ ለባል ለብቻው መደገሙ ሆን ተብሎ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ባልን የሚጠይቀው ሰው የለምና። በአበርገሌ ኽምጣና አፋቸውን የፈቱበት ቋንቋ የሆነላቸው ብዙዎች ናቸው፤ የፍርሃት ነገር የሚወጣው በእናት ቋንቋ ነውና ጥያቄው በዚያው ቋንቋ ቢቀርብ መልካም ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በንስሐ የተሰማ ነገር በንስሐ ይቀራል። ካህኑ ከቤተሰቡ የሰማውን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወይም ለሰበካ ጉባኤው ማሳወቅ ቢያስፈልግ «ይህን ልንገርላችሁን?» ብሎ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። እምነቱ አንድ ጊዜ ከተሰበረ በሩ ተመልሶ አይከፈትም።

፬. በባሕረ ሐሳብ የሚቆጥር ካህን የወሊድ ቀንም መቁጠር ይችላል

የመጀመሪያው ስንቅ ቀኑን ማወቅ ነው። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ለዚህ እጅግ ይመቻል። እርግዝና የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ 280 ቀን ያህል ይቆጠራል። ወሮቻችን እያንዳንዳቸው 30 ቀን ስለሆኑ ዘጠኝ ወር 270 ቀን ይሆናል፤ 10 ቀን ሲጨመርበት 280 ይሞላል። በመካከል ጳጉሜን ካለፈች የእርሷ 5 ቀን ስለሚቆጠር፣ ከዘጠኙ ወር በኋላ የሚጨመረው 5 ቀን ብቻ ነው፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 4 ቀን ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እናት የመጨረሻውን የወር አበባዋን ያየችው በኅዳር ሚካኤል፣ ኅዳር 12 ቀን ነው እንበል። ዘጠኝ ወር ሲቆጠር ነሐሴ 12፣ 10 ቀን ሲጨመር ነሐሴ 22 ይሆናል። ልጁ ከዚህ ቀን ሁለት ሳምንት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ ትክክለኛውን ግምት የምትሰጠው አዋላጅ ነርሷ ናት። እናቶቻችን ቀኑን በቁጥር ባያስታውሱ እንኳ «ከጥምቀት በፊት ባለው ሰንበት»፣ «በመድኃኔዓለም ማግሥት» ብለው በበዓል ያስታውሱታል። ይህን ወደ ቀን መልሶ መቁጠር ከካህን የተሻለ የሚችል በመንደሩ የለም።

አሁን የነሐሴን ትርጉም እንመልከት። ነሐሴ በአበርገሌ ጎተራው የጎደለበት፣ አዲሱ እህል ያልደረሰበት ወር ነው። ወንዙ የሞላበት፣ ቃሬዛ ይዞ መሻገር የሚያሰጋበት ወር ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 16 ቀን ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ነው፤ እናቶች ስለ እመቤታችን ፍቅር ከሌላው ጾም ሁሉ አብልጠው የሚይዙት ነው። የምግብ ማነስ፣ የመንገድ መቆረጥና ጾም በአንዲት ወሯ በገባ ሴት ላይ በአንድ ጊዜ ይወድቃሉ። ይህ ሁሉ ግን በድንገት የሚመጣ አይደለም፤ በታኅሣሥ ወይም በጥር ቀኑን የቆጠረ ቤተሰብ ነሐሴን ከሩቅ ያየዋል። ወንዙ ሳይሞላ መሻገር እንዳለባቸውም ያውቃል።

፭. ስለ ጾምና ስለ ምግብ

ከነፍሰ ጡሮች ጭንቀት ብዙው ወደ ካህኑ የሚመጣው በጾም ጉዳይ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት የነበሩት አባ ጢሞቴዎስ፣ በፋሲካ ሰሞን የወለደች ሴት ልትጾም ይገባታልን ተብለው በተጠየቁ ጊዜ፣ ጾም ሥጋን ለማዋረድ የተሠራ ስለሆነ ሥጋዋ አስቀድሞ በድካምና በሕመም ያለች ሴት እንደምትችለውና እንደሚያስፈልጋት ትብላ ትጠጣ ብለው መልሰዋል። የነፍስ አባቶችም ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ጾምን የማቅለል ሥልጣናቸውን በዚህ መንፈስ ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

ችግሩ ፈቃዱ ሳይሆን አነጋገሩ ነው። ካህኑ ሴቲቱ እስክትጠይቀው ይጠብቃል፤ እርሷም መጠየቅን እንደ ድፍረት ስለምትቆጥር አትጠይቅም። ፈቃድ ብታገኝም ሌላ መሰናክል አለ፤ ቤተሰቡ ሁሉ ሲጾም ለእርሷ ብቻ የፍስክ ድስት መጣድ ያሳፍራታል፤ ዕቃው እንዳይነካካም ትጨነቃለች። ስለዚህ ካህኑ ሳይጠየቅ ቢናገር፣ ባልና አማት ባሉበት ቢናገር፣ ለእርሷ የሚሆን አንድ ትንሽ ድስትና አንድ ሳህን ለብቻ እንዲቀመጥ ቢመክር ጉዳዩ በግማሽ ይቀላል። ከፍየሏ ወተት፣ ከዶሮዋም እንቁላል ሲገኝ በቅድሚያ ለእርሷ እንዲሆን ማድረግ የባል ሥራ ነው። ፍስክ በማትበላበት ጊዜ እንኳ የምግቧ መጠንና ቁጥር ሊጨምር ይገባል፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሰሊጡ እርሷን ይጠቅማታል።

ሌሎችም ልማዳዊ ስጋቶች አሉ። ብዙ ከበላሁ ልጁ ገዝፎ ምጡን ያከብደዋል የሚሉ እናቶች አሉ፤ ወተትና ተልባ በልጁ ገላ ላይ ይለጠፋል የሚሉም አሉ። እነዚህ ከእናትነት ፍርሃት የመነጩ ናቸውና ሊሳቅባቸው አይገባም፤ ነገር ግን እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። በምግብ እጥረት የተጎዳች እናት ለምጡ አቅም ታጣለች፤ ልጇም ክብደቱ አንሶ ይወለዳል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የመቀንጨርን ችግር ለማስወገድ የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለው በዚሁ በዋግ ከተማ ስም ነው። የዚያ ቃል ኪዳን መሠረት ከፅንስ ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ያሉት 1,000 ቀናት ናቸው፤ ከእነዚህም 270 ያህሉ በእናት ማኅፀን ያልፋሉ። በስማችን የተጠራ ቃል ኪዳን በእኛ ቤት ቢረሳ ያሳዝናል።

ከምግቡ ጋር ከጤና ኬላ የሚሰጠውን የደም ማነስ መከላከያ እንክብል በየቀኑ መውሰድ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መከተብና በተከዜ ዳርቻ ባሉ የወባ ቀበሌዎች በአጎበር ውስጥ መተኛት ይገባል። ከክረምት በኋላ ባሉት ወራት ወባ ስትበረታ ነፍሰ ጡር ሴት ከሌላው ሰው ይልቅ ትጎዳለች፤ ትኩሳት ከተሰማት ሳትውል ሳታድር መመርመር አለባት።

፮. ጸሎቱና መንገዱ

አንዳንድ ቤተሰብ «ጠበሉን ትጠጣለች፤ እመቤታችን አለችላት» ብሎ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድን እንደ እምነት ማነስ ያየዋል። የቀድሞው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበልና መድኃኒት አብረው መወሰድ እንደሚችሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን አስተምረዋል። ይህ ትምህርት ለነፍሰ ጡርም ይሠራል። ጠበል የጠጣች እናት በባለሙያ እጅ ብትወልድ እምነቷ አይጎድልም።

በአገራችን የእናቶች ሞት ቀንሷል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ልጆች አንጻር 871 እናቶች ሲሞቱ፣ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። ሆኖም በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት ገና ከመቶ 48 ያህል ነበሩ። የቀሩት በቤታቸው ወልደዋል። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም አንዲትን ጤነኛ እናት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊወስድ ስለሚችል፣ ቆላው መንደር ውስጥ «ከባሰባት እንወስዳታለን» የሚለው ሐሳብ አደገኛ ነው።

የጤና ባለሙያዎች እናቶችን የሚገድሉትን ምክንያቶች ሲያስረዱ ስለ ሦስት መዘግየቶች ይናገራሉ። አንደኛው ለመሄድ በመወሰን መዘግየት፣ ሁለተኛው በመንገድ መዘግየት፣ ሦስተኛው ከተቋሙ ከተደረሰ በኋላ ሕክምናውን በማግኘት መዘግየት ነው። ሦስተኛው የመንግሥትና የባለሙያዎች ሥራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን በቤትና በመንደር የሚፈቱ ናቸው።

ለሁለተኛው መዘግየት የተገኘው መፍትሔ የእናቶች ማቆያ ነው። ወሯ የገባች እናት ምጥ ሳይጀምራት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀድማ በጤና ጣቢያው ወይም በሆስፒታሉ ግቢ ባለ ቤት ትቀመጣለች። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ይህን ከቀደሙት መካከል ሆኖ ጀምሯል። በዚያ እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ባሉት 22 ዓመታት የወለዱ ከ24,000 በላይ እናቶች መዝገብ ተመርምሮ ነበር። በማቆያው ቆይተው ከወለዱት መካከል የሞቱት ከ100,000 ወደ 90 ሲሆኑ፣ በማቆያው ሳያልፉ ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 በላይ ነበሩ። ሞተው የተወለዱ ሕፃናትም ከ1,000 በመጀመሪያዎቹ 18 ያህል፣ በሁለተኛዎቹ 191 ያህል ነበሩ። በእርግጥ ሳያልፉ ከመጡት ብዙዎቹ ምጥ ጸንቶባቸው የመጡ ናቸው፤ ቁጥሩም የሚያሳየን ይህንኑ ነው፤ ዘግይቶ መድረስ ምን ያህል እንደሚያስከፍል።

ታዲያ እናቶች ለምን አስቀድመው አይሄዱም? መልሱ በብዙ ስፍራ ተመሳሳይ ነው፦ ቤቱን የሚይዝ ሰው የለም፤ በዚያ የምትበላው ስንቅ የለም፤ ባልም ብቻውን ይቀራል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የወሊድ አገልግሎት ያለ ክፍያ ቢሰጥም የጎረቤትን ሥራ መንግሥት ሊሠራው አይችልም። የሰበካው ድርሻ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

፯. የቤቱ ስንቅ

ባልና ሚስት ስምንተኛው ወር ሳይገባ የሚከተሉትን ቢያሟሉ ብዙው ጭንቀት ይቀላል።

• የምትወልድበትን ጤና ጣቢያ መምረጥና ማየት፤ ከዚያ በላይ ችግር ቢመጣ ወደ ሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዴት እንደሚደረስ ማወቅ።
• ለመንገድና ለድንገተኛ ጉዳይ በየሳምንቱ ጥቂት ገንዘብ ማስቀመጥ፤ አንዲት ፍየል ለዚሁ መለየትም ይቻላል።
• አብራት የምትሄድ ሴት፣ ቤት የሚጠብቅ ዘመድ ወይም ጎረቤት በስም መወሰን።
• ደም ቢያስፈልግ ሊሰጡ የሚችሉ ሁለት ሰዎችን ማዘጋጀት።
• የታጠበ ነጠላና ጨርቅ፣ ሳሙና፣ የሕፃን ልብስና ብርድ ልብስ በአንድ ከረጢት ማስቀመጥ።
• የገንፎውን ዱቄት፣ የአጥሚቱን እህል፣ ቡናውን አስቀድሞ ማሰናዳት። የማርያም ገንፎ በጤና ጣቢያም ሊገነፋ ይችላል፤ ይህን የሚፈቅዱና የሚያዘጋጁ ጤና ጣቢያዎች አሉ።

የአደጋ ምልክቶችንም ባልም አማትም ሊያውቋቸው ይገባል፦ ከማኅፀን ደም መፍሰስ፣ ጽኑ የራስ ምታትና የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ መንቀጥቀጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ምጥ ሳይመጣ የሽርት ውኃ መፍሰስ፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ ከ12 ሰዓት በላይ የቆየ ምጥ፣ የእንግዴ ልጅ አለመውጣት። ከእነዚህ አንዱ ሲታይ ምክር የሚጠየቅበት ጊዜ አልፏል፤ ወዲያው መነሣት ነው።

የልምድ አዋላጆችን በዚህ ሥራ ማግለል አይገባም። እናቶች ያምኗቸዋል። ምልክቱን አይተው ወደ ጤና ጣቢያ ይዘው የሚሄዱ፣ በምጥ ጊዜ አጠገቧ የሚቆሙ አጋሮች ሊሆኑ ይችላሉ።

፰. አርባና ሰማንያ

ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። እናቲቱም እስከዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ይህ ሥርዓት በብዙ ቤት ተለጥጦ «እስከ ክርስትናው ቀን ከቤት አይወጣም» ሆኗል፤ ምች ይመታታል፣ የሰው ዓይን ያገኘዋል የሚለውም ፍርሃት ይጨመርበታል። በ2011 ዓ.ም. ጥናት ከወሊድ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ምርመራ ያገኙት እናቶች ከሦስት አንዷ ያህል ብቻ ነበሩ። ደም መፍሰስና ትኩሳት የሚበረቱት ግን በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናት ነው።

ስለዚህ በግልጥ እናስተምር፦ የ40 እና የ80 ቀን ሥርዓት ስለ ቤተ ክርስቲያን መግባት እንጂ ስለ ጤና ጣቢያ መሄድ አይደለም። የሕፃኑ ክትባት ሲወለድ ይጀምርና በ6ኛው ሳምንት፣ ማለትም በ42ኛው ቀን ይቀጥላል። ለወንድ ልጅ ይህ ከክርስትናው ቀን ጋር ይቀራረባል። ለሴት ልጅ ግን ከክርስትናዋ በፊት ከአንድ ወር በላይ ቀድሞ ይመጣል። እስከ 80 ቀን ከቤት ካልወጣች ክትባቷ ከወንድሟ ይልቅ ይዘገያል። ካህኑ ጠበል ሊረጭ ወደ አራስ ቤት በሚገባበት ጊዜ «ክትባቱ መቼ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አንዲት ሕፃን ልጅ ከዚህ ጉዳት ትድናለች። የመጀመሪያው ወተት፣ እንገሩ፣ እንዳይደፋና ሕፃኑ ቅቤ እንዳይላስም በዚያው ይምከር።

፱. ማንም የማይጠይቃቸው

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት በዋግ ኽምራ የጤና ተቋማትን ጎድቷል፤ ከአበርገሌም ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሎ በሰቆጣና በአካባቢዋ ተጠልሏል። የተፈናቀለች ነፍሰ ጡር የምታውቀው የነፍስ አባት፣ ጎረቤትና ዘመድ በአጠገቧ ላይኖር ይችላል። ባሏ የሞተባት ወይም የራቃት ሴት፣ ሳታገባ የፀነሰች ልጅ፣ አስቀድሞ ልጅ የሞተባት እናት እንዲሁ ብቻቸውን ይጨነቃሉ። ሰበካው የእርሷ ባይሆንም አሁን ያለችበት ሰበካ ሰበካዋ ነው። ሳታገባ የፀነሰችውን ልጅ ተግሣጽ ከመስጠት በፊት «ምርመራ ጀምረሻል ልጄ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

፲. ሰበካ ጉባኤው ሊያደርገው የሚችለው

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ አምስት ሥራዎችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በእያንዳንዱ ጎጥ ሁለት ጠንካራ እንጨቶች የገቡለትና ሸራ የተወጠረበት አንድ ቃሬዛና በሌሊት የሚጠሩ የስምንት ወጣቶች ስም ይኑር፤ አምቡላንስ የሚደርስበትን የመኪና መንገድና የሚደወልበትን ስልክ ቁጥርም ይወቁ።
ሁለተኛ፣ የጽዋ ማኅበሩ ወደ ማቆያ ለምትሄድ እናት ቤት ተራ ያውጣ፤ አንዱ ከብት ይጠብቅ፣ አንዷ ለልጆቹ ትጋግር።
ሦስተኛ፣ በመከር ጊዜ ከእያንዳንዱ ቤት አንዳንድ ጣሳ እህል ተሰብስቦ ለማቆያው ስንቅ ይቀመጥ። የነሐሴ እናት የምትበላው በኅዳር የተቀመጠውን ነው።
አራተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በወር አንድ ጊዜ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ምእመናንን ታስተምር፤ ነፍሰ ጡሮች በጤና ኬላ በሚሰበሰቡበት ቀንም ካህን ይገኝ፣ ባሎችም እንዲመጡ ይንገር።
አምስተኛ፣ በፈቃዳቸው የተመዘገቡ ነፍሰ ጡሮች የሚወልዱበት ወር በካህኑ ዘንድ ይታወቅ፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚወልዱት በቅድሚያ ይጎብኙ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሰበካችን ባለፈው ዓመት በወሊድ ምክንያት የሞተች እናት ወይም ሕፃን አለ? ከሦስቱ መዘግየቶች የትኛው ነበር ያገኛቸው?
2. አሁን በጎጣችን ነፍሰ ጡር የሆኑትን እናውቃለን? ካላወቅን ለምን?
3. የነፍስ አባቶች ስለ ጾም ለነፍሰ ጡሮች የምንሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው? ባልና አማት ሰምተውታል?
4. ክረምት ሲገባ የሚቆረጠው መንገዳችን የትኛው ነው? ከዚያ ማዶ ያሉ ነፍሰ ጡሮች መቼ መሻገር አለባቸው?
5. እስከሚቀጥለው ስብሰባ የምንጀምረው አንድ ሥራ የትኛው ነው? ኃላፊውስ ማን ነው?

አምስተኛው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ስብሰባው እንዳይዘጋ አደራ እንላለን። በሰበካችሁ ወሯ የገባች እናት ዛሬም አለች፤ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብላችሁ ስትመርቋት ቃሬዛውም፣ ስንቁም፣ ቤት የሚጠብቀውም ሰው የተዘጋጀ ይሁን። እግዚአብሔር አምላክ አገልግሎታችሁን ይባርክ።